ካምቢዮው ታስሯል፣ መብራቱ ግን አልጠፋም፦ ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና በኋላ የሚመላለሱ ኮዶችን እንዴት መመርመር ይቻላል?

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በባሕር ዳር ላሉ መካኒኮች ካምቢዮ ማውረድና መልሶ መግጠም አዲስ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም በአካባቢው የሚመላለሱት የጭነት መኪኖች በብዛት በፍሪሲዮን የሚሠሩ በመሆናቸው እጃቸው የሠለጠነው በእነዚያ ላይ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ፒክአፕ ወይም ከባድ መኪና ሲመጣ የመጨረሻው ቡሎን ከተጠበቀ በኋላም ሌላ ሥራ ይቀራል። ካምቢዮው ማርሽ የሚቀይረው በኮምፒውተር ትእዛዝ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ከሴንሰሮቹ ከሚጠብቀው መረጃ አንዱ እንኳ ሲጎድልበት መብራት ያበራል፣ ኮድ (የብልሽቱን መለያ ቁጥር) ይመዘግባል፣ ብዙ ጊዜም መኪናው በአንድ ማርሽ ብቻ እንዲሄድ ያስገድዳል።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ካምቢዮው ለጥገና ወርዶ ወይም በሌላ ተተክቶ ከገባ በኋላ፣ ኮዱ በስካነር (ኮድ በሚያነብና በሚሰርዝ መሣሪያ) ቢሰረዝም ደጋግሞ የሚመለስበትን ሁኔታ ነው። በዚህ ጊዜ የቸኮለ ሰው ወይ ኮዱ ስሙን የጠራውን ሴንሰር ከአዲስ አበባ ያስመጣል፣ ወይ ካምቢዮውን እንደገና ያወርዳል። ሁለቱም ብዙ ወጪ ያስወጣሉ፤ በእኔ እምነት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አያስፈልጉም። ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ያልነበረ ኮድ ከገባ በኋላ ከታየ፣ ጥርጣሬው መጀመሪያ ማረፍ ያለበት በማውረድና በመግጠም ጊዜ እጅ በነካው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በሶኬቶቹ፣ በግራውንድ ገመዱ (ጅረቱ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በሚመለስበት)፣ በማርሽ መምረጫው ኬብልና በዘይቱ መጠን ላይ ማለት ነው።

ከመሰረዝ በፊት

ስካነር እንደተሰካ «ሰርዝ» የሚለውን መጫን ልማድ ሆኗል፤ ይህ ግን ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። ከኮዱ ጋር አብሮ የሚቀመጥ የቅጽበት መዝገብ አለ፤ ኮዱ በተመዘገበበት ጊዜ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር ይዞር እንደነበር፣ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበርና ሙቀቱ ስንት ደርሶ እንደነበር ይናገራል። መዝገቡ ከኮዱ ጋር ስለሚሰረዝ አስቀድሞ በወረቀት መገልበጥ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል።

ንባቡ በሞተሩ ኮምፒውተር ብቻ መወሰንም የለበትም። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ፒ0700 በራሱ የብልሽት ስም አይደለም፤ የካምቢዮው ኮምፒውተር ችግር እንዳገኘና የሞተሩ ኮምፒውተር መብራቱን እንዲያበራለት እንደጠየቀ ብቻ ያመለክታል። ዋናው ኮድ በካምቢዮው ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚገኝ፣ በእጅ ያለው ርካሽ ስካነር እዚያ የማይደርስ ከሆነ የሚደርስ ስካነር መዋስ ዕቃ ከመግዛት መቅደም አለበት። የኤቢኤሱን (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ክፍል) እና አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን ክፍል ኮዶች እግረ መንገድ ማንበብ ይጠቅማል፤ እነዚህ ክፍሎች የፍጥነት መረጃን ከካምቢዮው ጋር ስለሚጋሩ በአንድ ገመድ መቋረጥ ሁሉም አብረው ሊያለቅሱ ይችላሉ።

በከባድ መኪኖች ላይ ኮዱ በሁለት ቁጥሮች ይመጣል፤ ኤስፒኤን የተባለው ስለ የትኛው መረጃ እንደሚነገር፣ ኤፍኤምአይ የተባለው ደግሞ መረጃው በምን መልኩ እንደተበላሸ ያሳያል። ለምሳሌ ኤስፒኤን 191 የካምቢዮው የመውጫ ዘንግ ፍጥነት፣ 161 የመግቢያ ዘንግ ፍጥነት፣ 177 የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ነው። ኤፍኤምአይ 3 እና 4 ቮልቴጅ ከልክ በላይ ወይም በታች መሆኑን፣ 5 የተቆረጠ መስመርን፣ 6 ወደ ግራውንድ የነካ መስመርን ሲያመለክቱ፣ 7 ግን ሜካኒካዊው ክፍል ለትእዛዙ አለመመለሱን ይናገራል። ስለዚህ 191 ከ5 ጋር ከመጣ የሚፈለገው ገመድ እንጂ ማርሽ አይደለም። በትንንሾቹ መኪኖችም ተመሳሳይ ልዩነት አለ፤ ፒ0740 የቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክፍል) ክላች የሚያዝዘውን የኤሌክትሪክ መስመር የሚመለከት ሲሆን፣ ፒ0741 ክላቹ ታዞ አለመያዙን ይገልጻል። ሁለቱን እንደ አንድ ማንበብ ሥራውን ከመጀመሪያው ያጣምመዋል።

ኮዱ የሚመለስበት ጊዜ

ኮዶቹ ከተጻፉ በኋላ ይሰረዙ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ኮድ መቼ እንደሚመለስ መጠበቅ ከምርመራው ሁሉ የበለጠ ፍሬ ያለው ሥራ ነው። ቁልፉ እንደዞረ፣ ሞተሩ ሳይነሣ የሚመለስ ኮድ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የኤሌክትሪክ መስመር ጉዳይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሶሌኖይዶቹን (በኤሌክትሪክ የዘይት መንገድ የሚከፍቱትንና የሚዘጉትን ቫልቮች) እና የሙቀት ሴንሰሩን ሞተር ሳይነሣ መፈተሽ ስለሚችል፣ ያልተሰካ ሶኬት ወይም የተቆረጠ ገመድ ወዲያው ይያዛል። ሞተሩ ከተነሣ ወይም መኪናው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ የሚመጣው ኮድ የፍጥነት ሴንሰሮችን፣ የማርሽ ቦታ ሴንሰሩን ወይም የዘይት እጥረትን ይጠቁማል። ለረጅም ጊዜ ሲነዳ፣ ሲሞቅና ጭነት ሲከብድበት ብቻ የሚመጣው ደግሞ የዘይት ግፊትን፣ የሚንሸራተት ክላችን ወይም ሲሞቅ የሚከፈት የገመድ ስንጥቅን ያመለክታል። ካምቢዮውን እንደገና ስለማውረድ ማሰብ የሚገባው በዚህ በመጨረሻው ክፍል ላይ ብቻ ነው።

ሾፌሩም ጥሩ ምስክር ነው፤ ጥያቄው ግን በትክክል መቅረብ አለበት። «ጋሼ፣ መብራቱ የበራው ቁልፉን እንዳዞሩት ነው ወይስ ከሄዱ በኋላ? ሞቅ ሲል ነው ወይስ በቀዝቃዛው?» ብሎ መጠየቅ «ምን ሆነ?» ብሎ ከመጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ባትሪና ግራውንድ

መኪናው በጋራዥ ብዙ ቀን ቆሞ፣ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሬዲዮው ሲከፈት የሰነበተ ባትሪ ይደክማል፤ የደከመ ባትሪ ደግሞ ከአንድ ሴንሰር ጋር ያልተያያዙ ብዙ ኮዶችን በአንድ ጊዜ ይወልዳል። ሙሉ ኃይል ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ወደ 12.6 ቮልት፣ ሁለት ባትሪ በተቀጠለበት ከባድ መኪና ላይ ወደ 25.2 ቮልት ማሳየት ይኖርበታል። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ሲዞር ባለ 12 ቮልቱ ከ9.6 ገደማ በታች ከወረደ ባትሪው ሳይስተካከል የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ያሳስታል።

ከካምቢዮ ሥራ በኋላ በብዛት የሚረሳው የግራውንድ ገመድ ነው። በብዙ መኪኖች ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው ቤት ወደ ሻንሲው የሚሄድ ጠፍጣፋ ሽሩባ ገመድ አለ፤ ካምቢዮው ሲወርድ ይፈታል፣ ሲገባ ደግሞ ወይ ይረሳል፣ ወይ በጭቃና በዝገት ላይ ይታሰራል። ገመዱ ሳይኖርም ሞተሩ ሊነሣ ይችላል፤ ጅረቱ በማርሽ ኬብሉ፣ በቀጫጭን የሴንሰር ግራውንዶችና በሌሎች አቋራጮች ይመለሳል፣ ኮምፒውተሩም የተዛባ ምልክት ያነባል።

ይህን በዓይን ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራሱ ላይ፣ ሌላውን በተፋቀ የካምቢዮው ቤት ብረት ላይ በማሳረፍ ረዳቱ ሞተሪኖውን እንዲያዞር ማድረግ ይገባል። የሚታየው ቁጥር ከ0.2 ቮልት ብዙ ካለፈ በመካከል ያለው መስመር ጤናማ አይደለም። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲው ወደ ሞተሩ እያዛወሩ ሲለኩ ቁጥሩ የሚዘልበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ነው። ጎማዎቹ መደገፋቸው፣ የእጅ ፍሬኑ መያዙና ማርሹ በፓርክ ወይም በኒውትራል መሆኑ ከልኬቱ በፊት መረጋገጥ አለበት።

ወደ ካምቢዮው ኮምፒውተር የሚሄደው ኃይልም በተመሳሳይ ጥርጣሬ ይታይ። ፊውዙ ደህና ሆኖ፣ መልቲሜትሩም 12 ቮልት እያሳየ፣ ከአንድ ክር በቀር የተበጠሰ ገመድ ጭነት ሲመጣበት ኃይል ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሶኬቱ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በኃይሉና በግራውንዱ መስመር መካከል አንድ የፍሬን መብራት አምፖል ይገናኝ፤ አምፖሉ ደምቆ ከበራ መስመሩ ጭነት ይችላል ማለት ነው። ይህ ዘዴ የሚያገለግለው ለኃይል መስመር ብቻ ነው፤ የሴንሰር ወይም የመገናኛ ገመድ ላይ አምፖል ማገናኘት ጤነኛውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

ሶኬቶቹ

በካምቢዮው ጎን ያለው ዋናው ሶኬት ሲገባ ቀጭ ማለቱን መስማት በቂ አይደለም። መክፈትና እያንዳንዱን ፒን በብርሃን መመልከት ያስፈልጋል፤ ከሌሎቹ ትንሽ ወደ ኋላ የተገፋ አንድ ፒን ካለ ሶኬቱ ሙሉ በሙሉ ገብቶም ቢሆን ያ መስመር አይነካም። የሴቴው ፒን ቀዳዳ ሰፍቶ እንደሆነ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የተነቀለ ፒን አስገብቶ መጎተት ያሳብቃል፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ልቅ ነው። በመልቲሜትር ሹል ጫፍ ቀዳዳውን መወጋት ራሱ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው መርምሮት ከነበረ ይህም ሊጠረጠር ይገባል።

ሶኬቱ ውስጥ ቀይ የካምቢዮ ዘይት ከተገኘ ከውስጥ እየሾለከ ነው፤ ዜድኤፍ ባለ 6 ማርሽ የሆኑት ካምቢዮዎች ገመዱ ወደ ውስጥ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ ላስቲኮች በዚህ ይታወቃሉ። ዘይቱ በገመዱ ክር ውስጥ እየተሳበ ራቅ ብሎ እስካለው ኮምፒውተር ሊደርስ ስለሚችል ጠርጎ መተው መፍትሔ አይሆንም። ክረምቱ በሚበረታበት በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ደግሞ ዘይት ሳይሆን ውኃ ነው የሚገኘው፤ ሶኬቱ ሲነቀል ወድቆ የቀረ አንድ የላስቲክ ቀለበት አረንጓዴ ዝገት ለማፍራት ይበቃል።

ገመዱ የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ በእጅ መከተል ይገባል፤ በተለይ በሞተሩና በካምቢዮው ቤት መጋጠሚያ መካከል ተቆንጥጦ የቀረ ገመድ፣ የጭስ ማውጫውን የነካ፣ ማቀፊያው ሳይታሰር ተንጠልጥሎ የሻፍቱን ክሮቸራ የሚነካ ገመድ አለ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም በቆሎና ጤፍ የሚጭኑ መኪኖች ላይ ሌላም ጥርጣሬ ይጨመራል። መኪናው በጋራዥ ቆሞ ሳለ እህል ተከትላ የምትመጣ አይጥ የገመዱን ሽፋን ትበላለች፤ ጥርስ ያረፈበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከላይ ስለማይታይ በጣት ጫፍ እየዳበሱ ማግኘት ይቀላል።

ሁለት ተመሳሳይ ሶኬት ያላቸው ሴንሰሮች ባሉበት ካምቢዮ ላይ መቀያየራቸው የተለመደ ነው። ይህን ለመለየት ግን ገመድ መቁጠር አያስፈልግም፤ ቀጥሎ የተገለጸው የንባብ ዘዴ ያወጣዋል።

የፍጥነት ሴንሰሮችን ሳይፈቱ መፈተሽ

ፒ0715 እና ፒ0717 የመግቢያ ዘንጉን፣ ፒ0720 እና ፒ0722 የመውጫ ዘንጉን የፍጥነት ሴንሰር ይመለከታሉ። ስካነሩ የቀጥታ ንባብ ካሳየ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በ700 ዙር ሲሠራና ማርሹ በኒውትራል ሲሆን የመግቢያ ዘንጉ ፍጥነት ወደ ሞተሩ ዙር መጠጋት፣ የመውጫው ደግሞ ዜሮ መሆን አለበት። ቁጥሮቹ ተገላብጠው፣ የቆመ መኪና የመውጫ ዘንጉ 700 ገደማ ከታየ ሶኬቶቹ ተቀያይረዋል። ፍሬን በደንብ ተይዞ ማርሹ ወደ ዲ ሲገባ የመግቢያው ፍጥነት ወዲያው ወደ ዜሮ መውረድ ይኖርበታል፤ ክላቹ ይዞ ዘንጉን ከቆሙት ጎማዎች ጋር አስሮታልና። ሳይወርድ ከቀረ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ክላቹ ባለመያዙ፣ ማለትም በዘይት ወይም በግፊት ላይ ነው። ይህ አንድ ሙከራ የኤሌክትሪኩን ጥያቄ ከሃይድሮሊኩ ስለሚለይ ከሁሉም አስቀድሜ የምመርጠው ነው።

መኪናው ሲሄድ የመግቢያውን ፍጥነት ለመውጫው ማካፈል የማርሹን ጥምርታ ይሰጣል። አሊሰን 2000 በተባለው ካምቢዮ ላይ አንደኛ ማርሽ 3.10 ስለሆነ፣ የመውጫ ዘንጉ 500 ሲዞር መግቢያው 1,550 ገደማ መሆን አለበት። ፒ0730 የሚመጣው ይህ ሒሳብ ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ ያም ክላች በመንሸራተቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከሌላ መኪና የመጣ ካምቢዮ የፍጥነት መቁጠሪያ ጥርሱ ቁጥር የተለየ በመሆኑም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በሁሉም ማርሽ ላይ እኩል ከሆነ የጥርስ ቁጥር፣ በአንድ ወይም በሁለት ማርሽ ላይ ብቻ ከሆነ የክላች ጉዳይ ነው።

ባለ ሁለት ገመድ ማግኔታዊ ሴንሰር በኦም ሊለካ ይችላል፤ ባለ ሦስት ገመድ የሆል ሴንሰር (ውስጡ ኤሌክትሮኒክ ክፍል ያለው) ግን በኦም መለካት የለበትም። ሞተሩ የክራንክ ሴንሰር ኮድ ፒ0335 ካወጣም ዓይን ወደ ካምቢዮው ይመለስ፤ በአንዳንድ ሞተሮች ያ ሴንሰር ከካምቢዮው ቤት አጠገብ ስለሚቀመጥ ካምቢዮው ሲገፋ ይጎዳል።

የማርሽ ቦታ ሴንሰር

ፒ0705 እና ፒ0706 ሲመጡ ስካነሩ የሚያነበው የማርሽ ቦታ በካቢናው ውስጥ ካለው የማርሽ ዘንግ ጋር በእያንዳንዱ ቦታ ይነጻጸር። ዘንጉ በዲ ሆኖ ንባቡ በኒውትራልና በዲ መካከል ከዋለለ ኬብሉ አልተስተካከለም። ሞተሪኖው በፓርክና በኒውትራል ብቻ መሥራቱንና የኋላ ማርሽ መብራት መብራቱን ማየት ፈጣን ማረጋገጫ ነው። ሲስተካከል መጀመሪያ ካምቢዮው ራሱ ኒውትራል ላይ ይደረጋል፣ ሴንሰሩ በምልክቱ ላይ ይታሰራል፣ ኬብሉ ከዚያ በኋላ ይገናኛል፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ሥራውን ያስደግማል።

የመገናኛ መስመሩ

ዩ0100 ወይም ዩ0101 ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ አለመሰማማታቸውን ይናገራሉ። ስካነሩ የካምቢዮውን ኮምፒውተር ጨርሶ ካላገኘው መጀመሪያ ኃይሉና ግራውንዱ ይታይ፤ የጠፋ ኮምፒውተር አይናገርም። እነዚህ ደህና ከሆኑ ባትሪው ተነቅሎ በመመርመሪያው ሶኬት 6ኛና 14ኛ ፒን መካከል፣ ባለ 9 ፒን ሶኬት ባላቸው ከባድ መኪኖች ላይ ደግሞ በሲ እና በዲ መካከል ኦም ይለካ። ወደ 60 ኦም ጤናማ ነው። 120 ከታየ በመስመሩ ጫፍ ካሉት ሁለት ሬዚስተሮች አንዱ አልተገናኘም ወይም መስመሩ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ሁለቱ ገመዶች እንደተነካኩ ያሳያል።

ዘይትና ቶርክ ኮንቨርተር

ተጠግኖ የገባ ካምቢዮ መጀመሪያ በተሞላበት ዘይት አይበቃም፤ ሞተሩ ሲነሣ ባዶው ቶርክ ኮንቨርተርና የማቀዝቀዣው ቱቦዎች ብዙ ሊትር ይጠጣሉ። ማርሹ ፍሬን ተይዞ በየቦታው ከገባ በኋላ መጠኑ እንደገና ይለካ። የሚለካበት ሙቀት እንደ ካምቢዮው ይለያያል፤ መለኪያ ዘንግ ያላቸው በሥራ ሙቀት ሲለኩ፣ ዘንግ የሌላቸውና በቡሎን ቀዳዳ የሚለኩት አንዳንድ ቶዮታዎች ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ዘይት ሞተሩ እየሠራ ይለካሉ። የዘይቱ ዓይነት በፋብሪካው የተጻፈው ብቻ ይሁን፤ ቀዩ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም።

ቶርክ ኮንቨርተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ካምቢዮው በቡሎን ተስቦ ከተገጠመ ፓምፑ ይሰበራል፤ ያኔ ፒ0868 ያለ የዝቅተኛ ግፊት ኮድ፣ ጩኸትና አለመንቀሳቀስ አብረው ይመጣሉ። ሲገጠም የካምቢዮው ቤት በእጅ ግፊት ብቻ ከሞተሩ ጋር መግጠም፣ ኮንቨርተሩም ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ሳህን ጋር ከመታሰሩ በፊት በጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት በነፃ መዞር ነበረበት። ገጣሚው ይህን ማስታወሱ ሊጠየቅ ይገባል።

የሌላ መኪና ካምቢዮ

በአዲስ አበባ ከተፈታ መኪና የተገዛ ካምቢዮ ውጪው አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ በፎርድ ሬንጀር ላይ ባለው 6አር80 በተባለው ካምቢዮና በብዙ ቶዮታዎች ላይ የሶሌኖይዶቹ መለያ ቁጥር ለኮምፒውተሩ መነገር አለበት። ይህ ሳይደረግ ማርሹ ሲቀየር ይመታል፣ የጥምርታ ኮድም ሊመጣ ይችላል። ካምቢዮው ያው የራሱ ቢሆንም አዲስ ክላች ከገባበት ኮምፒውተሩ የተማረው የድሮ ልማድ በስካነር ተሰርዞ እንደገና እንዲማር መደረግ አለበት።

የመንገድ ሙከራ

የመጀመሪያው ሙከራ በባሕር ዳር ዙሪያ እንዳለው ባለ ሜዳማ መንገድ፣ ያለ ጭነት፣ ስካነሩ ተሰክቶ ይደረግ። ኮድ ያለበትን መኪና ለሙከራ ብሎ አባይ በረሃ ማውረድ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ካምቢዮው ወደ አንድ ማርሽ ከገባ ወይም ከለቀቀ የሞተሩ መያዝ ይጠፋል፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በሜዳው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ግን ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣው ዳገት የሚሰጠውን ፈተና ሌላ መንገድ አይሰጥም። የዘይቱ ሙቀት ከ80 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ከቆየ ጤናማ ነው፤ ከ120 አልፎ ከቀጠለ የማቀዝቀዣው ቱቦ ተጣጥፎ ወይም ተዘግቶ እንደሆነ ይታይ።

ብልሽቱ ተስተካክሎም መብራቱ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል። በኦቢዲ (መኪናው ራሱን በሚመረምርበት) ሥርዓት መብራቱ የሚጠፋው ፈተናው በ3 ተከታታይ ጉዞዎች ሲያልፍ፣ ኮዱ ከማኅደር የሚወጣው ደግሞ ከ40 የመሞቅ ዙሮች (ሞተሩ ቀዝቅዞ ተነሥቶ ከሚሞቅባቸው ጊዜያት) በኋላ ነው፤ በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ «ቋሚ» ተብሎ የሚመዘገበው ኮድ በስካነርም ሆነ ባትሪ በመንቀል አይሰረዝም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ፈትሾ ሲያልፍ ብቻ ይወጣል። ለደንበኛው ይህን አስቀድሞ መንገር ከአላስፈላጊ ጭቅጭቅ ያድናል።

ኃይሉ፣ ግራውንዱ፣ ሶኬቶቹ፣ ንባቦቹና ዘይቱ ሁሉ ደህና ሆነው ኮዱ በሙቀትና በጭነት ብቻ ከተመለሰ፣ የዘይት ግፊቱ በግፊት መለኪያ ይለካ፣ የዘይት ማጠራቀሚያው ሳህንም ይፈታ። በሳህኑ ማግኔት ላይ እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ዱቄት መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በጥፍር የሚያዝ የብረት ስባሪ ወይም የተቃጠለ ጥቁር የክላች ሽፋን ከተገኘ ካምቢዮው ይወርዳል።